የሚዛንና የቴፒ መሿለኪያ

ፍሬአብ የሞተው እሑድ ነው። ሬሳው የተገኘውም እሑድ ነው። ገዳይዋ ተያዘች የተባለውም ያው እሑድ ሳይመሽ ነው። ለአንድ እሑድ ሥራው በዛ። ፖሊስ እንዲህ የሚፈጥነው ወይ ዕድል ሲቀናው ነው፣ ወይ ሰው መጠየቅ ሲታክተው።

ዋና ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ ወሬው የደረሳት ቱም ከተማ ላይ ነበር፤ የከብት ዝርፊያ ስታጣራ ሰንብታ። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን ስትገባ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልበቃት ብሎ ነበር። ጡረታዋ ደርሷል። አልጋ እንጂ ሬሳ የሚያምራት ሴት አልነበረችም። ነገር ግን የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አንዲት አሮጊት ሕፃን ታቅፈው፣ ካፊያው ጀርባቸውን እያረጠበው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየች። አልፋ መሄድ አቃታት።

«እማማ፣ ዝናብ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ልጄን አስራችሁብኝ ምን ልሠራ ኖሯል? ልዝፈን?»

«የማን እናት ነዎት?»

«የመክሊት። ሰው ገደለች ያላችኋት። ዶሮ ሲታረድ ጓዳ የምትደበቀው።» ወለተሥላሴ ይባላሉ አሮጊቷ። የሕፃኑን ፊት ገለጥ አደረጉት። «ይሄ ልጇ ነው። የላም ወተት አልወስድ ብሎ ሲተፋ አደረ። አንዱ ፖሊስ ታጥባው ይላል፣ አንዱ አይቻልም ይላል። ነገ ፍርድ ቤት ቀርባ ወደ ትልቁ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች አሉኝ። ያኔ ይሄን ማን ያሳድገው? እኔ? እኔ እንኳን ልጅ ላሳድግ፣ ከተቀመጥኩበት የሚያነሳኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ይግቡና ታጥባው። የሚከለክልዎ ካለ ስሙን ይንገሩኝ።»

«ስሙንማ ነገርኩሽ እኮ፤ ፖሊስ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ እየተነሱ።

ውስጥ ሳጅን ከፈለኝ እየጠበቃት ነበር። ዩኒፎርሙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ወጣት ነው።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር። ሟቹ ፍሬአብ የቡና አቅራቢው ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ነው። እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ከሟቹ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበረችው የሒሳብ ሠራተኛዋ መክሊት ብቻ ናት። ዘበኛው አቶ ፍቅሩ በበሩ ሌላ ሰው አልገባም ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ቅዳሜ ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። ሬሳውንም ያገኘሁት እኔ ነኝ ብላ የጮኸችው እሷው ናት።»

«ገዳይ ከሆነች ለምን ጮኸች?»

«ለማስመሰል ነዋ።»

«ሳትጮህ ወደ ቤቷ ብትሄድ አይሻላትም ነበር? ሰኞ ሌላ ሰው አግኝቶት ይጮህ ነበር።»

ሳጅኑ መዝገቡን ዘጋው። የዓለምዘርፍም ጫማዋን ፈታ አድርጋ አስራ ወደ ቢሮው እንዲወስዳት አዘዘችው።

ቢሮው አማን በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊት ቢሮዎች፣ ከኋላ የቡና መጋዘን። ፍሬአብ የሞተባት ክፍል ሁለቱ መካከል ያለች፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ራውተር፣ ከሥሩ ባትሪዎች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር። ፍሬአብ ወንበሩ ላይ እንዳለ ከኋላው በብረት ነገር ተመትቶ ወድቋል። ሐኪሙ ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው ብሏል። ብረቱ አልተገኘም።

ክፍሏ ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ ቢሮው፣ ሌላው ወደ መጋዘኑ። የመጋዘኑ በር ከክፍሏ ውስጥ በብረት መወርወሪያ የሚዘጋ ነው። የዓለምዘርፍ እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎንበስ አለች።

«ይሄን መወርወሪያ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አይ፤ እንዲሁ ክፍት ነበር ያገኘነው። ረስተውት ይሆናላ።»

«በቡና ወቅት የመጋዘን በር ተረሳ? እዚህ አገር ሰው ልጁን ይረሳል እንጂ የቡና በር አይረሳም።»

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለሚካኤል ከኋላቸው መጥተው ቆመዋል። ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ስልካቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። እሑድ ሙሉ ቀን የወንድማቸውን ልጅ ሲድሩ ስለዋሉ እሳቸውን የሚጠረጥር አልነበረም።

«ኢንስፔክተር፣ እባክዎ ቶሎ ይጨረስልን። ወቅቱን ያውቁታል። ገበሬው እሸቱን አቅርቦ ቆሟል።»

«ሟቹስ የት ነው የቆመው?»

«እሱማ ነፍሱን ይማር...»

«ይማረው። አሁን ስለ ሥራው ይንገሩኝ። ሁሉም ሰው ታነል፣ ታነል ይለኛል። በሚገባኝ አማርኛ ያስረዱኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉ። «እዚህ ሚዛን አንድ ራውተር፣ ከኢንተርኔት የሚያገናኘን ሣጥን፣ አለ። ቴፒ ቅርንጫፋችን ሌላ አለ። በመካከል ያለው ኢንተርኔት የሕዝብ መንገድ ነው፤ ሁሉም ይሄድበታል። የእኛ መልእክት በዚያ ሲያልፍ ማንም እንዳያየው ውስጥ ለውስጥ መሿለኪያ ተሠርቶለታል። ስሙ ቪፒኤን ነው፤ ልጆቹ ታነል ይሉታል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል መግባት አለበት። የአንዱ ጫፍ ቃል ከተለየ ታነሉ ወዲያው ይዘጋል።»

«በመሿለኪያው ምን ይሄዳል?»

«የዕለቱ የእሸት ቡና መግዣ ዋጋ። ጠዋት እኛ ወስነን ለቴፒ እንልካለን። ዘንድሮ ግን ጉድ ሆነናል። ገና ገበያ ሳይከፈት አንድ ተፎካካሪያችን ከእኛ በትንሽ ከፍ አድርጎ ይጠራል። በየቀኑ! ከውስጥ የሚያወጣ አለ ማለት ነው። ዋጋው የሚያልፈው በመክሊት እጅ ነው። ፍሬአብም ቅዳሜ እሷን ነው የያዛት። እኔ እንግዲህ...» እጃቸውን ዘረጉ፤ የቀረውን እናንተ ጨርሱት እንደ ማለት።

«የራውተሩን ሥራ የሚያውቁት እነማን ናቸው?»

«ሁለት ብቻ። እዚህ ፍሬአብ፣ ቴፒ በዛብህ። በዛብህ እሑድ ቴፒ ነበር። የታነሉን የይለፍ ቃል እሑድ ሥራ ሳይኖር ቀይሩት ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት በአዲሱ ቃል ሲሠራ አገኘነው። ፍሬአብ ስልክ ባያነሳለትም፣ በዛብህ ከቴፒ ሆኖ ብቻውን ጨርሶታል። ጎበዝ ልጅ ነው።»

«ጎበዝ ይመስላል» አለች የዓለምዘርፍ፣ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። ሟቹ የሞተበት ወንበር መሆኑን ሳጅኑ በዓይኑ ሊነግራት ሞከረ። የእሷ እግር ግን ከሬሳ ወንበር ጋር የሚጣላበት ዕድሜ አልፎታል።

መክሊትን ጣቢያ አስጠርታ ስታያት ልጅቷ ሕፃኑን አጥብታ ለእናቷ መልሳ ነበር። ዓይኗ አብጧል። ቁጣዋ ግን አልበረደም።

«ስሚ ልጄ፣ የጠየቅሁሽን ብቻ መልሺልኝ። ቅዳሜ ለምን ተጣላችሁ?»

«ዋጋ የምታወጪው አንቺ ነሽ አለኝ። እኔም የአፌን ሰጠሁት። ደንቆሮ ነህ፣ ሽቦ ስትቆጥር ሰው መለየት አቃተህ አልኩት። አሁን ሞቶ ሳስበው ያቃጥለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ልኩን ነው የነገርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ማታ ደወለልኝ። ‹ይቅርታ መክሊት፣ አንቺ አይደለሽም፤ መውጫውን አገኘሁት› አለኝ። ራውተሩ ውስጥ ማንም የማያውቀው ሌላ ታነል አለ፤ ዋጋው በዚያ እየሾለከ ነው የሚወጣው አለኝ። ማን ሠራው ስለው አልነግርሽም አለ። ‹ራሱ ቀርቦ እንዲናገር ዕድል ልስጠው፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ይሻለዋል› አለ። ይሄን ለሳጅኑ ነግሬዋለሁ።»

የዓለምዘርፍ ወደ ከፈለኝ ዞረች። ሳጅኑ አቀረቀረ።

«እሱስ ምን አለሽ?»

«‹የሞተ ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ ብትይ ማን ያምንሻል› አለኝ።»

«እሑድ ለምን ገባሽ?»

«የወሩን ሒሳብ ልጨርስ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በፊት ለፊት በር፣ አቶ ፍቅሩን ሰላም ብዬ። የፍሬአብ ክፍል ተዘግቶ ነበር። ልወጣ ስል ልሰናበተው አንኳኳሁ። ዝም አለኝ። ገፋሁት።» ማልቀስ ጀመረች። «ታርቀናል እኮ። ሻይ ልጋብዘው ነበር።»

የዓለምዘርፍ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ልቅሶን ማቋረጥ አትወድም፤ ደግሞም እሷ ራሷ ትንሽ ማረፍ ፈልጋ ነበር።

«ስለ ታነሉ ሥራ ያወራችሁ ነበር?»

መክሊት በእንባዋ መካከል ፈገግ ልትል ቃጣት። «እሱ ስለ ሌላ ምን ያወራል? አንዴ፣ በዛብህ ሳይቀጠር፣ እዚህ ሆኖ የይለፍ ቃሉን ሊቀይር ፈለገ። የሚዛኑን ቀየረ። ወዲያው ታነሉ ተዘጋ። የቴፒውን ልቀይር ቢል በምን ይሂድ? መሄጃው እኮ ያው ታነሉ ነው። በዚያ ጭቃ በሚኒባስ ቴፒ ድረስ ወርዶ፣ አንድ ቃል ጽፎ ተመለሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲገባ ቢሮው በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ‹የሩቁን አስቀድሙ› ነው ዘፈኑ። ሻይ ሲያድል እንኳ ጥግ ከተቀመጠው ይጀምርና ‹የሩቁን አስቀድም!› ይላል።»

የዓለምዘርፍ ቀና አለች። «ቆይ፤ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።»

መክሊት ደገመችላት። ኢንስፔክተሯ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም። ሳጅኑን «መኪናውን አስነሳ፣ ቴፒ እንሄዳለን» አለችው።

ቴፒ ሲደርሱ ሙቀቱ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ልብስን ገላ ላይ ይለጥፋል። ቅርንጫፉ ሰፊ ግቢ ነው፤ ከቢሮው ጀርባ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ከአልጋዎቹ ማዶ አጥር የለም፣ ጫካ ነው። የግቢው ዘበኛ እሑድ የበዛብህ ሞተር ብስክሌት ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ እንደቆመ፣ የቢሮውም መብራት እንደበራ ማለ።

«ራሱን ሰውየውን አየኸው?»

«ሞተሩ ካለ እሱ አለ እኮ፤ የት ይሄዳል?»

በዛብህ በሠላሳዎቹ መጨረሻ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ጥቁር ክር ክንዱ ላይ ያሰረ ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት። ውሃ አስመጣላት። ስለ ፍሬአብ ሲያወራ ድምፁ ተሰበረ፤ ውሸትም አይመስልም ነበር።

«እሑድ ምን ሠራችሁ?» አለችው።

«ጠዋት ደወለልኝ፤ ከሰዓት የይለፍ ቃሉን እንቀይር ተባባልን። አዲሱን ቃል ነገረኝ። በኋላ ብደውል ብደውል አያነሳም። ሥራው ደግሞ ለሰኞ መድረስ አለበት። ስለዚህ ብቻዬን ጨረስኩት።»

«አንተ ቴፒ፣ አንዱ ራውተር ሚዛን። እንዴት ብቻህን ይሆናል?»

ፈገግ አለ፤ ለአሮጊት የሚያስረዳ ሰው ፈገግታ ነበር። «ከአንዱ ወደ ሌላው በታነሉ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የቴፒውን ቀየርኩ፤ ቀጥሎ የሚዛኑን። ከዚያ ታነሉ ተመልሶ ተነሳ። ቀላል ነው።»

«መጀመሪያ የቴፒውን፣ ቀጥሎ የሚዛኑን።»

«አዎ።»

«ሳጅን፣ ጻፈው። በደንብ አንብበህለት ያስፈርመው። እኔ መቼም ይሄ ነገር ስለማይገባኝ እንዳላሳስት ነው።» ውሃውን ጠጣች። «ከታነሉ ውጪ፣ በሌላ መንገድ ወደ ሚዛኑ ራውተር መግባት አይቻልም?»

«በፍጹም! ዋጋው መውጣት ሲጀምር ከውጭ የሚያስገባውን ሁሉ ዘግተነዋል። ወይ በታነሉ ነው፣ ወይ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ። ለዚህ እኮ ነው ጥፋቱ የውስጥ ሰው ነው የምንለው።»

«ሌላ ታነልስ? ስውር?»

ክንዱ ላይ ያለውን ክር ጠበቅ አደረገ። «የለም። ራውተሩን ያስከፍቱትና ይዩት፤ አንድ ታነል ብቻ ነው ያለው።»

«አሁን አዎ» አለች የዓለምዘርፍ፤ ተነሳችም።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ኬላው ጋ አስቆመች። በቡና ወቅት እዚህ ኬላ የሚያልፍ ሁሉ፣ መኪናው ትልቅም ትንሽም ቢሆን፣ ይወርዳል፤ ሻንጣው፣ ዘንቢሉ፣ አንዳንዴም ኪሱ ይፈተሻል፤ ቡና ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ነው። ሳጅኑ መኪናው ውስጥ ሆኖ ኢንስፔክተሯ ከፈታሿ ከሆሳዕና ጋር ስትነጋገር፣ ከስልኳ ላይ አንድ ፎቶ ስታሳያት፣ ሆሳዕናም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየ። ምን እንደተባባሉ ግን አልሰማም።

«የበዛብህ ስልክ እሑድ የት እንደነበረ ከማማው መረጃ እንጠይቅ?» አለ፣ ስትመለስ ዝም እንዳይል ብሎ።

«ጠይቁ። እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ ጡረታዬም አልቆ ይመጣል።»

ረቡዕ ጠዋት፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሁሉንም ቢሮው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። አቶ ኃይለሚካኤል ሰዓታቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። ዘበኛው አቶ ፍቅሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። በዛብህ ‹ለማስረዳት ትፈለጋለህ› ተብሎ ከቴፒ መጥቷል። መክሊት በሁለት ፖሊስ መካከል ናት። ወለተሥላሴ ማንም ሳይጠራቸው ሕፃኑን ይዘው ገብተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ያስወጣቸውም አልተገኘም።

የዓለምዘርፍም ተቀምጣ ነው የተናገረችው።

«ከበሩ ልጀምር። የመጋዘኑ መወርወሪያ ከውስጥ ተከፍቶ ነበር። አቶ ፍቅሩ፣ መክሊት በየት ገባች?»

«በፊት ለፊት። እኔው ነኝ የከፈትኩላት።»

«አይተሃታል ማለት ነው። ዘበኛ አይቷት የገባች ሴት የኋላውን በር ለማን ትከፍታለች? የከፈተው ፍሬአብ ነው፤ በኋላ ደጅ፣ በመጋዘን በኩል ለመጣ እንግዳ። ፍሬአብ ለዚያ ሰው ሊያዝንለት ፈልጎ ነበር። ዘበኛ እንዳያየው፣ ስሙ እንዳይነሳ፣ ነገሩን ለሁለት እንዲጨርሱት ነበር ሐሳቡ። ደግነቱ ነው የኋላውን በር ያስከፈተው።»

«ይሄ ግምት ነው» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

«ገና ነው። ቅዳሜ ማታ ፍሬአብ ስውር ታነል አገኘ። ማክሰኞ ማታ ራውተሩን በውጭ ባለሙያ ሳስከፍት ስውሩ ታነል የለም። ታነል በራሱ እግር አይሄድም፤ ያጠፋው ሰው አለ። መክሊት ማጥፋት ትችላለች? ራውተሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አንዱ ሞቷል።»

ሁሉም ወደ በዛብህ ዞረ። እሱ ግን አልተደናገጠም።

«እኔ ቴፒ ነበርኩ። ታነሉ ራሱ ይመሰክራል፤ ሰኞ ሲሠራ ያያችሁት እኔ ከቴፒ ሆኜ የቀየርኩትን ነው።»

«ልክ ነህ፤ እስካሁን ያዳነህ እሱ ነው። ሁሉም ታነሉን አምኖ አንተን መጠየቅ ተወ። እስቲ ለእነሱም ንገራቸው። የትኛውን ቀድመህ ቀየርክ?»

«የቴፒውን። ከዚያ የሚዛኑን። ፈርሜበታለሁ።»

መክሊት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ምን አልክ?»

«ተቀመጪ ልጄ፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፣ እኔ ልጨርሰው» አለች የዓለምዘርፍ። «አቶ ኃይለሚካኤል፣ በጫካ ወንዝ ላይ የተዘረጋ የሐረግ ድልድይ ያውቃሉ? እርስዎ በወዲህ ዳር ቆመዋል። ድልድዩን በሁለቱም ዳር መፍታትና በአዲስ ሐረግ ማሰር አለብዎ፤ ረዳት የለዎትም። በወዲህ ያለውን፣ የቆሙበትን፣ ቀድመው ቢፈቱት ወደ ማዶ በምን ይሻገራሉ?»

«አልሻገርማ።»

«ስለዚህ፣ እጅዎ በድልድዩ ላይ ማዶ ድረስ ይዘረጋል እንበልና፣ የማዶውን ቀድመው ይፈቱታል፤ የእርስዎን መጨረሻ ላይ። ታነሉም እንደዚያው ነው። አንዱ ጫፍ ሲለወጥ ይዘጋል። ቴፒ የተቀመጠ ሰው የቴፒውን ቀድሞ ከቀየረ ታነሉ ተዘጋበት፤ ሚዛን ሊደርስ አይችልም። ሌላ መግቢያ ደግሞ የለም፤ ወይ በታነሉ ነው ወይ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ብሎ የነገረኝ ራሱ በዛብህ ነው። እንግዲህ የቴፒውን ቀድሞ፣ የሚዛኑን አስከትሎ መቀየር የሚችለው ሰው የት የተቀመጠ ነው?»

አቶ ኃይለሚካኤል አፋቸውን ከፍተው ወደ ጠባቧ ክፍል በር ተመለከቱ። «ሚዛን» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ሚዛን። ፍሬአብ የወደቀበት አጠገብ። ልጁ ጥሩ ባለሙያ ነው፤ እጁ ልክ ሠራ፤ የሩቁን አስቀደመ። ለቆመበት ቦታ ሩቁ ቴፒ ነበር። ውሸቱን ሲናገር ቦታውን ለወጠ፤ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ግን ረሳ። በእጁ የሠራውን ነው በአፉ የነገረን።»

«ተሳስቼ ይሆናል!» አለ በዛብህ። ድምፁ አሁን ከፍ ብሏል። «ሰው ወዳጁ ሞቶበት ሲናገር አይሳሳትም? በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«በዚህ ብቻማ አይታሰርም» አለች የዓለምዘርፍ፣ እንደ ደከማት። «በዚህ የገባኝ የት ሄጄ መጠየቅ እንዳለብኝ ነው። ሞተርህን ግቢ አቁመህ፣ መብራትህን አብርተህ፣ በማድረቂያዎቹ ጀርባ በጫካው ወጣህ። ከዚያስ? በእግርህ ሚዛን አትደርስም። በቡና ወቅት ደግሞ ኬላው ጋ ያልወረደ ተሳፋሪ የለም። ሆሳዕና፣ ግቢ።»

የኬላው ፈታሿ ከበሩ ገባች። በዛብህን አይታ እንደ ማዘን አደረጋት።

«እሑድ ከምሳ በፊት በሚኒባስ ነው ያለፈው» አለች። «ስለማውቀው ‹የቡና ድርጅት ሰው ሆነህ ያለ ቡና ትሄዳለህ? ዛሬ ምን ነካህ?› ብዬ ቀለድኩበት። ሳይስቅ አለፈ። ከሰዓት በኋላም ተመልሶ አለፈ። ያን ጊዜ አልቀለድኩም፤ ፊቱን አይቼ ሰው ሞቶበታል ብዬ ‹አይዞህ› አልኩት።»

በዛብህ ክንዱ ላይ ያሰረውን ጥቁር ክር ሲነካካ ቆየና እጁን ጣለ።

«ሰኞ ጠዋት ራስህ ለሥራ አስኪያጁ ንገር አለኝ» አለ፤ ማንንም አያይም። «ከጎንህ እቆማለሁ አለኝ። ለመንኩት። አጥፋውና እንርሳው አልኩት። ‹መክሊትን በሰው ፊት ሌባ ብያታለሁ፤ በሰው ፊት ማንጻት አለብኝ› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ወደ ራውተሩ ዞረ። ጀርባውን ባይሰጠኝ ኖሮ...»

«ብረቱስ?»

«መጋዘኑ ጀርባ፣ የቡና ገለባው ክምር ውስጥ።»

«ጀርባውን የሰጠህ ስላመነህ ነው» አለች የዓለምዘርፍ። ለሳጅኑ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው፤ በዛብህን ወሰዱት።

አቶ ኃይለሚካኤል ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መክሊት፣ እንግዲህ... እግዚአብሔር ይመስገን። ሰኞ ሥራሽን ትጀምሪያለሽ።»

«ሥራውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ ጋሼ» አለች መክሊት። «ታስሬ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተው አላዩኝም።»

ወለተሥላሴ ሕፃኑን ሰጧት። ልጁ ጡቷን ፈልጎ ወዲያው ሙጭጭ አለ። አሮጊቷ ወደ ሳጅን ከፈለኝ ዞር ብለው፣ «የሞተ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም አይደል? አንተስ? አንተ በሕይወት አለህ» አሉት። ሳጅኑ ፊቱ ቀልቶ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፤ አንዱን ለእናት፣ አንዱን ለልጅ። ቀጥሎም መኪናውን በር ድረስ አስጠግቶ ከፈተላቸው።

መክሊት መኪናውን አይታ ቆመች።

«አልገባም።»

«ምነው ልጄ? ቤትሽ ሩቅ ነው፣ ዝናብም ሊመጣ ነው» አለች የዓለምዘርፍ።

«እሑድ በዚህ መኪና ነው የወሰዳችሁኝ። ገበያው፣ ሰፈሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ዛሬ ተደብቄ በመኪና ብገባ ማን ያየኛል? በቤታቸው ሆነው ‹በገንዘብ ወጣች› ይላሉ። በእግሬ ነው የምሄደው። በዚያው በገበያው መካከል።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለከተ። የዓለምዘርፍ የመኪናውን ወንበር አየችው፤ ለስላሳ ነበር፤ እግሯም ከጠዋት ጀምሮ ይጠዘጥዛታል። ከዚያ ኮፍያዋን አነሳችና በደንብ አስተካክላ ደፋችው፤ ማዕረጓ ከትከሻዋ ላይ እንዲታይም ካፖርቷን አውልቃ ለሳጅኑ ሰጠችው።

«እንሂድ» አለች። «ፖሊስ ሲወስድሽ ካዩ፣ ፖሊስ ሲመልስሽም ይዩ። ቀስ ብለሽ ግን ሂጂልኝ፤ አልችልሽም።»

ሦስቱ ሴቶች ከነሕፃኑ ቁልቁል ወደ ገበያው ወረዱ። መጀመሪያ ያየቻቸው አንዲት ሙዝ ሻጭ ነበረች። እጇ ላይ ያለውን ሙዝ ይዛ ቀረች። ከዚያ ጎረቤቷን ጎሸመቻት፤ ጎረቤቷም ሌላዋን። መክሊት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ልጇን ከፊቷ ይዛ፣ እያንዳንዳቸውን በዓይናቸው እያየች አለፈች። የዓለምዘርፍም እያነከሰች፣ ዩኒፎርሟ ሙሉ ለሙሉ እየታየ፣ አንድ እርምጃ ሳትርቅ ከጎኗ ተራመደች።